በአምስት ነጭ ቁልፎች ጀምሪ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። አዲስ አበባ ባንክ ቤት እሠራለሁ። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘመሬ በቀር ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ገዛሁ። የገዛሁት ለጃዝ ብዬ ነው፤ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ስሰማ ውስጤ የሚሆነውን ልነግርዎ አልችልም። በሳምንት አንድ ቀን የሚያስተምረኝ ልጅ አለ። እሱ ግን ኖታ ማንበብ በደንብ ሳልችል ኢምፕሮቫይዜሽን የሚባል ነገር (እዚያው እየፈጠሩ መጫወት) እንዳላነሳበት ነግሮኛል። በራሴ ከኢንተርኔት ቲዎሪ ጀመርኩ። ዶሪያን፣ ፍሪጂያን፣ ሊዲያን እያለ ሰባት ሞድ፣ እሱም በአስራ ሁለቱም ኪይ፣ ከአስራ ሁለቱም መነሻ ድምፅ። ጭንቅላቴ ዞረ። ስኬል፣ ማለትም በተራ የተደረደሩትን ድምፆች፣ እየወጣሁ እየወረድኩ እለማመዳለሁ፤ ሶሎ ልጫወት ስል ግን የሚወጣው ያው ስኬሉ ነው፤ ሙዚቃ አይመስልም። በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር አብሬ ልጫወት ብዬ ሁለት ዙር ሳንሄድ የት እንዳለን ጠፋኝ። አፍሬ እጄን አነሳሁ። ቲዎሪው ይቅደም ወይስ ጨዋታው? ኖታ ሳላነብ መጀመር እችላለሁ? ረፍዶብኛል? ይሄን ኪቦርድ ሸጬ ባለ 88 ቁልፍ ልግዛ?

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ግራ የገባሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ጥያቄዎችሽን ግን በተራ አልመልስም፤ ቀድሞ መነካት ያለበት ሌላ ቦታ ነው። «ሶሎ ልጫወት ስል የሚወጣው ያው ስኬሉ ነው» ብለሻል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ዓመታት ተለማምዶ ይሄ የማይሰማው ሰው ብዙ ነው። አንቺ ሰምተሽዋል። ጆሮሽ ሙዚቃ የሆነውንና ያልሆነውን ይለያል ማለት ነው። የጎደለሽ የሰማሽውን ወደ ጣትሽ የምታወርጂበት መንገድ ነው። ጣት ደግሞ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ስኬል ላይ ሲወጣና ሲወርድ ከከረመ፣ ተጫወት ሲባልም ይወጣል ይወርዳል። ጥፋቱ የልምምዱ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሪው። መጀመሪያ ስሚው። ከዚያ በድምፅሽ ዝፈኚው። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ፈልገሽ አግኚው። ስሙን በመጨረሻ ተማሪ። ቲዎሪ ይቅደም ወይስ ጨዋታው ላልሽው መልሴ ይሄ ነው። ቲዎሪ ያስፈልግሻል፤ በጣም ያስፈልግሻል። ግን ጆሮሽ አስቀድሞ ለሚያውቀው ነገር ስም ሆኖ ሲመጣ ነው የሚገባሽ።

ኢምፕሮቫይዜሽን ሲባል ብዙ ሰው ድንገት ከላይ የሚወርድ ነገር ይመስለዋል። ቅኔ ቤትን አስቢው። አዲስ የገባን ተማሪ መወድስ ዝረፍ የሚለው የለም። በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እንዲህ እያለ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው። እስከዚያው የሌሎችን ቅኔ ይሰማል፣ በቃሉ ይይዛል፣ የራሱን ሞክሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። በኋላ ቆሞ ሲዘርፍ የሚያየው ሰው ግን ሁሉም እዚያው የመጣለት ይመስለዋል። ጃዝም የሚለመደው እንዲሁ ነው። ያንቺ ጉባኤ ቃና ሁለት ባር ነው፤ ባር ማለት ምቱ የሚከፈልበት ቤት ነው፣ ብዙ ጊዜ አራት ምት። ሁለት ባር ሙሉ ሐሳብ ሳይኖርሽ 32 ባር ለመሙላት ስለሞከርሽ ነው ስኬሉ ያዳነሽ።

አሁን ኪቦርዱ ጋ ቁጭ በይ። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችው ነጭ ዶ ናት። ከእሷ ወደ ቀኝ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ። ሰባተኛዋን ሲ የሚሏት አሉ፤ ጓደኞችሽ ግን ድምፆቹን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጠሩ ሲ ሲሉ ዶን ማለታቸው ስለሚሆን፣ እንዳይምታታብሽ ቲ እላታለሁ። ፋንና ቲን ተያቸው። አምስት ቀሩሽ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ።

በግራ እጅሽ ወደ ታች ያለችውን ዶ ተጭነሽ ያዣት። በቀኝሽ በአምስቱ ላይ ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሺ። ስትጨርሺ ዶ ላይ እረፊ። ምን ሰማሽ? ትዝታ ነው፤ ትዝታ ሜጀር። አሁን ግራ እጅሽን ላ ላይ አድርጊ። ቀኝ እጅሽ እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ይጫወት፤ ማረፊያው ግን ላ ይሁን። ባቲ ማይነር ሆነ። አንድም ቁልፍ አልቀየርሽም። የተቀየረው ማረፊያው ብቻ ነው። ስሜቱ ግን ሌላ ሆነ። ሁለቱን እያፈራረቅሽ ደጋግመሽ ስሚያቸው፤ አትቸኩይ።

ሚን ታች ይዘሽ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ቲ፣ ዶ ብትይ ደግሞ አምባሰልን ታገኛለሽ፤ እሷም ሙሉ በሙሉ ነጭ ላይ ናት። አንቺሆዬ አንድ ጥቁር ትፈልጋለች፦ ቲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያም በሶልና በላ መሃል ያለችው ጥቁር። እሷን ለጊዜው አቆያት። ደግሞ እንድታውቂው ያህል፣ የማሲንቆና የክራር ድምፅ ከኪቦርዱ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። ማሲንቆ በሁለት ቁልፍ መሃል ያለውንም ድምፅ ይነካል። ኪቦርድ የሚሰጥሽ ቀረብ የሚለውን ነው።

ጭንቅላትሽን ያዞረው የሞድ ነገር እንግዲህ ይሄው ነው። ሰባቱንም ነጭ ቁልፎች ይዘሽ ማረፊያሽን ሬ ካደረግሽ ዶሪያን ይባላል። ሚ ካደረግሽ ፍሪጂያን። ፋ ካደረግሽ ሊዲያን። ሰባት የተለያየ ስኬል መሸምደድ አይጠበቅብሽም። ማረፊያ ሲቀየር ምን እንደሚሰማ ነው ማወቅ ያለብሽ፤ እሱን ደግሞ ትዝታና ባቲ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። አስራ ሁለቱ ኪይ የትም አይሄዱም፤ ይጠብቁሽ።

ነጭ ቁልፍ ብቻ ይዞ ጃዝ ይሆናል ወይ ትይኝ ይሆናል። አሜሪካዊው ጥሩምባ ነፊ ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለውን አልበም ቀዳ። መክፈቻው «ሶ ዋት» 32 ባር ነው። 16ቱ ባር ሬ ዶሪያን ነው፤ አሁን የነገርኩሽ፣ ሬ ላይ የሚያርፈው ነጭ ቁልፍ። ቀጥሎ 8 ባር ያው ነገር በግማሽ እርምጃ፣ ማለትም ጥቁሩም ተቆጥሮ በአንድ ቁልፍ፣ ከፍ ይላል። የመጨረሻው 8 ባር ተመልሶ ሬ ነው። በቃ። ከዚያ በፊት በነበረው፣ ቢቦፕ በሚባለው የጃዝ ስልት ኮርዱ (አንድ ላይ የሚሰሙት ድምፆች) በየባሩ፣ አንዳንዴም በአንድ ባር ውስጥ ሁለቴ ይቀያየር ነበር። ማይልስ ኮርዱን ቀነሰና ቦታውን ለዜማ ለቀቀው። የእሱን ሶሎ ስትሰሚ ምን ያህል ዝም እንደሚል ልብ በይ። ጥቂት ይላል፣ ያቆማል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል።

ሙላቱም ቢሆን የሠራው ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነው። ጅማ ተወልዶ፣ መጀመሪያ ዌልስና ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን ሄዶ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። የምዕራቡን ኮርድ አወቀ። ከባዱ ሥራው ግን ኮርዱን ማወቁ አልነበረም። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት አስራ ሁለት ድምፅ ካለው የኮርድ ዓለም ጋር ሲያጋባ ቅኝቱ ማንነቱን እንዳያጣ መጠበቁ ነው። ብዙ ኮርድ ከጫንሽበት ባቲ ባቲነቱን ያጣል። አንቺን ውስጥሽን የሚነካሽ ያ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ልምምዱ። ላን በግራሽ ይዘሽ በቀኝሽ ሦስት ድምፅ ብቻ ውሰጂ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ። አምስቱንም አትንኪ፤ ሦስት ይበቃሻል። ስልክሽ ላይ ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥርልሽን፣ ጫኚና በጣም ዝግ አድርጊው፣ በደቂቃ 60 ይሁን። ኪቦርዱን ሳትነኪ ሁለት ባር ዝፈኚ። ላላላም ይሁን፣ ምንም ይሁን። ከዚያ የዘፈንሽውን፣ ልክ እሱኑ፣ በጣትሽ ፈልጊው። ስታገኚው ሁለት ባር ዝም በይ። እንደገና። ዝም የምትይባቸው ሁለት ባሮች የልምምዱ ግማሽ ናቸው፤ እንዳትሞያቸው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ነገር አለ፤ ምቱ። አድማጭ ድምፁ ትንሽ ቢስት ይቅር ይልሻል፤ ምቱ ሲስት ግን እግሩ ይቆማል። ስለዚህ አንዷን ላ ብቻ ይዘሽ ሁለት ባር ሙሉ ሳታሰለቺ ለመጫወት ሞክሪ። ረጅም፣ አጭር፣ ዘግየት ያለ፣ ቀደም ያለ። አንድ ድምፅ ብቻ ይዘሽ የሚጥም ነገር ማድረግ ከቻልሽ ጃዝ ጀምረሻል። በአራት ምት ስትለማመጂ ጭብጨባሽ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይውደቅ፤ ስዊንግ የሚሉትን የጃዝ ውዝዋዜ ለመያዝ ያግዝሻል። በስድስት ምት ሲሆን ደግሞ ችክችካውን ታውቂዋለሽ፤ ሠርግ ቤት ትከሻሽ ለምዶታል። የሙላቱን ሙዚቃ ስትሰሚ መጀመሪያ በእጅሽ ምቱን ያዢ፤ ዜማውን ቆይተሽ።

ዝፈኚ ስልሽ ልታልፊው ትችያለሽ። ድምፄ አያምርም የሚል ሰው ሞልቷል። እባክሽ አትለፊው። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑ ላይ የተጫወተው ሽለላን ነው። ጎርናና፣ ኮስታራ፣ የጀግና ድምፅ፤ መቧጠጡና ማቃሰቱ ሳይቀር ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን የተሻገረ ነው። ብዙ የውጭ አድማጮች የአሜሪካውን ፍሪ ጃዝ ሲሰሙ ከለመዱት ድምፅ ጋር አመሳሰሉት። የእሱ ምንጭ ግን ፉከራና ሽለላ ነው። ያ ሰው መጀመሪያ በጆሮውና በጉሮሮው የያዘውን ነው የነፋው። አንቺም መዝሙር ዘምረሻል። አፍሽ ላይ ያለው ዜማ ሀብትሽ ነው፤ ከእሱ ተነሺ።

ሦስቱ ድምፅ ሲለቅልሽ አምስቱን ክፈቺ፣ ከዚያ ወደ ብሉስ እንሂድ። ብሉስ 12 ባር ነው። ለግራ እጅሽ ታች አንድ አንድ ድምፅ ይበቃል፦ አራት ባር ላ፣ ሁለት ባር ሬ፣ ሁለት ባር ላ፣ አንድ ባር ሚ፣ አንድ ባር ሬ፣ ሁለት ባር ላ። ለቀኝ እጅሽ ያው የባቲ ማይነር አምስት ድምፅ ነው። አዎ፣ የብሉስ ተጫዋቾች በብዛት የሚጠቀሙበት አምስት ድምፅና ባቲ ማይነር ኪቦርድ ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ከታች ነው። በብሉስ ውስጥ የላ ኮርድ ዶ ሻርፕ፣ ከዶ በስተቀኝ ያለችው ጥቁር፣ አለበት፤ ቀኝ እጅሽ ደግሞ ነጯን ዶ ትይዛለች። ሁለቱ ይፋተጋሉ። ያ ፍትጊያ ነው ብሉስን ብሉስ ያደረገው፤ ተሳሳትኩ ብለሽ እንዳትሸሺው።

ብሉስ ሲዘፈን ግጥሙ ብዙ ጊዜ ሦስት ስንኝ ነው። አንዱን ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ በሦስተኛው ይመልሳል። እያንዳንዱ አራት ባር። አንቺም ሶሎሽን እንዲያ አድርጊው። በመጀመሪያው አራት ባር አንድ አጭር ሐሳብ፣ በሁለተኛው ያንኑ፣ በሦስተኛው መልሱን። መድገም አያሳፍርም። አድማጭ ሐሳብሽን የሚይዘው ስትደግሚው ነው።

ይሄ እጅሽ ላይ ሲገባ ቲዎሪው ራሱ በሩን ያንኳኳል። ኮርድ ምንድን ነው ትያለሽ። ከሬ ጀምረሽ አንድ እየዘለልሽ ተጫኚ፦ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ። ይሄ ሬ ማይነር ሰቨን ነው። ከሶል ጀምሪ፦ ሶል፣ ቲ፣ ሬ፣ ፋ። ሶል ሰቨን። ከዶ ጀምሪ፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ቲ። ዶ ሜጀር ሰቨን። እነዚህ ሦስቱ በዚህ ተራ ሲከታተሉ ጃዝ ውስጥ የማይገኙበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

አሁን የምነግርሽን ሳትሞክሪ አታንብቢው። ከየኮርዱ መነሻ ድምፅ አንድ ብለሽ ነጮቹን ስትቆጥሪ የሚመጡትን ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ አስቀሪ። በግራ እጅሽ ትንሿ ጣት ፋ ላይ፣ አውራ ጣት ከሷ በላይ ባለችው ዶ ላይ። ይሄ የሬው ኮርድ ነው። አውራ ጣትሽን ብቻ ከዶ ወደ ቲ አውርጂ። ሌላዋ አትነቃነቅ። ወደ ሶል ሰቨን ገባሽ። አሁን አውራ ጣትሽ ትቆይና ትንሿ ጣትሽን ከፋ ወደ ሚ አውርጂ። ዶ ሜጀር ሰቨን፤ ቤትሽ ገባሽ። በየተራው የተንቀሳቀሰችው አንድ ጣት ብቻ ናት፤ እሷም ግማሽ እርምጃ ብቻ። ይሄን ከሃምሳ ጊዜ በላይ አድርጊውና ምን እንደሚስብሽ አድምጪ። ፋ ወደ ሚ መውረድ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ጆሮሽ ይነግርሻል። ከዚያ ቀኝ እጅሽ ሶሎ ሲጫወት እነዚያኑ ድምፆች በየመታጠፊያው ይንካ፦ በሬው ኮርድ ላይ ዶ፣ ሶል ሲገባ ቲ። ከስር ማንም ኮርድ ባይጫወትልሽ እንኳ ሰሚው ኮርዱ መቀየሩን ይሰማል። ስኬል መውጣትና መውረዱን የሚያስቆምሽ ይሄ ነው።

ለእያንዳንዱ ኮርድ አንድ ስኬል አለው፣ ሁሉንም ሸምድዱ የሚለውን ትምህርት ለጀማሪ አልወደውም። ስህተት ሆኖ አይደለም። ቀድሞ ሲመጣ ግን ሰው ኮርዱን ሳይሰማ ስኬሉን ያስባል፤ ሙዚቃው ሲያልፍ እሱ ገና ፊደል ይቆጥራል። መጀመሪያ የኮርዱን ድምፆች ዕወቂ። በመሃላቸው ያለው ቀስ እያለ ይሞላል።

ሌላው የማይዘለል ነገር ከቅጂ በጆሮ መማር ነው። ከ«ሶ ዋት» የማይልስን ሶሎ የመጀመሪያ አራት ባር ብቻ ውሰጂ። ስልክሽ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሺው። መጀመሪያ አብረሽው ዝፈኚ፣ እስትንፋሱ ሳይቀር። ሳትሰሚው ከዘፈንሽው በኋላ ነው ኪቦርድ የምትነኪው። አራት ባር ሳምንት ቢፈጅብሽ አይግረምሽ። ወረቀት ላይ የጻፈው ሰው አለ፤ እሱን አውጥቶ ማንበብ ይቀላል፤ አታድርጊው። ፍለጋው ነው ጆሮ የሚሠራው። አሜሪካዊው የጃዝ ጊታሪስት ዌስ ሞንጎመሪ ጊታር የተማረው የሌላውን ጊታሪስት የቻርሊ ክርስቲያንን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ በመያዝ ነው። ጊታርን በቁም ነገር የያዘው ወደ ሃያ ዓመቱ ላይ ነው፣ ኖታም አያነብም ነበር፣ ቀን ቀን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ መድረክ ላይ ሲወጣም የሚጫወተው እነዚያኑ የያዛቸውን ሶሎዎች ነበር። በኋላ የራሱ ድምፅ መጣ።

ከጓደኞችሽ ጋር የሆነውን እንይ። የት እንዳሉ መጥፋት የችሎታ ማነስ አይደለም፤ መቁጠር አለመልመድ ነው። ታላቁ ሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ መድረክ ወጥቶ ጨዋታው ጠፋበት። ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ ሲምባሉን (ከከበሮው ጋር ያለውን የናስ ሳህን) ወለሉ ላይ ወርውሮ እንዳስወረደው ይነገራል። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1937 በጋውን ከከተማ ወጥቶ የሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሸክላዎች ይዞ ተቀመጠ። ሶሎዎቹን አንድ በአንድ በጆሮው ለቀማቸው። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። አንቺን ደግሞ ማንም ሲምባል አልወረወረብሽም፤ እጅሽን ያነሳሽው ራስሽ ነሽ። ስለዚህ ተመለሺ።

ስትመለሺ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ብሉስ እንጫወት በያቸው፤ 12 ባር ለመያዝ ይቀላል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግራ እጅሽ ታች ያለውን ድምፅ ብቻ ይጫወት፤ ላ፣ ሬ፣ ሚ፣ ያው ነው። ሶሎ አትግቢ። ጆሮሽ ቤዙ፣ ታችኛው ወፍራም ድምፅ፣ ላይ ይሁን። ከጠፋሽ እጅሽን አንስተሽ አትሽሺ፤ ዝም ብለሽ ጠብቂና ወደ ላ የሚመለሱበትን ስሚ፣ እዚያ ግቢ። ሶሎ ስትገቢ ደግሞ አንድ ዙር ብቻ። አዲስ አበባ ውስጥ ጃዝ የሚጫወቱባቸው ቤቶች አሉ። ሄደሽ ቤዝ ተጫዋቹ በሚታይበት ቦታ ተቀመጪ፤ ዜማው ሲያልቅና ሶሎ ሲጀመር በጣትሽ ባሩን ቁጠሪ። ዙሩ የት እንደሚዘጋ ሳትሳሳቺ የያዝሽ ቀን ፍርሃትሽ ግማሹ ይሄዳል።

ኖታን በተመለከተ፣ አስተማሪሽ ክፉ ነገር አልነገረሽም። ኖታ ማንበብ በሩን ይከፍታል፤ አብረሽው ተማሪ። ግን መግቢያ ፈቃድ አይደለም። ኤሮል ጋርነር ኖታ ሳያነብ በዓለም ከታወቁት የጃዝ ፒያኒስቶች አንዱ ሆኗል። እሱ ስላላነበበ አታንብቢ ማለቴ አይደለም፤ ያንቺ ጆሮ እስኪነበብ ድረስ ታስሮ መቀመጥ የለበትም ማለቴ ነው። ከልጁ ጋር መጣላት አያስፈልግም። በየሳምንቱ ትምህርቱ ሲያልቅ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለምኚው፤ እሱ ታች ብሉሱን ይያዝልሽ፣ አንቺ በአምስቱ ድምፅ ተጫወቺ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢያየው ራሱ ደስ ብሎት ጊዜውን ይጨምርልሻል ብዬ እገምታለሁ።

ከሥራ ደክመሽ ስለምትገቢ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል፤ ግን በየቀኑ። እሑድ አራት ሰዓት ተቀምጦ ሳምንቱን መዝለል አይጠቅምም። ከግማሹ ሰዓት አሥሩን ደቂቃ ለመዝፈንና ለመፈለግ፣ አሥሩን ለብሉሱ ወይም ለሁለቱ ጣት፣ አሥሩን ከቅጂ ለመልቀም ስጪው። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ዝም ይላል፤ ጭብጨባና ዝማሬ መብራት አይፈልጉም። ታክሲ ውስጥም በልብሽ 12 ባር መቁጠር ትችያለሽ። ሳምንት በገባ ቁጥር አንዴ በስልክሽ ቅጂ፣ ግን በዚያው ቀን አትስሚው። በማግስቱ ስሚው። ያኔ ጣትሽን ሳይሆን ሙዚቃውን ትሰሚያለሽ።

ረፍዶብኛል ወይ ላልሽው፣ የለም፣ አልረፈደም። በአሥር ዓመቱ ከጀመረ ልጅ ጋር በፍጥነት አትወዳደሪም፤ ይሄ እውነት ነው። ጣትሽ እንደሱ ላይሮጥ ይችላል። የወደድሽው ሙዚቃ ግን በሩጫ የተሠራ አይደለም። በ31 ዓመት የሰማሽው፣ ያዘንሽው፣ የዘመርሽው አለ፤ ሁለት ባር ለመናገር የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ኪቦርድሽን አትሽጪው። 61 ቁልፍ ለዚህ ሁሉ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አረጋግጪ፤ ቀስ አድርገሽ ስትነኪው ቀስ፣ ጠንከር ስትይ ጠንከር ይላል ወይ? ካለ፣ ገንዘብሽን ለእግር ፔዳልና ለጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አውጪው፤ ማታ ቤተሰብ ሳትቀሰቅሺ ትለማመጃለሽ። በኃይል ብትነኪውም በቀስታ ብትነኪው ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን እሱን ለውጪ። ያኔም ቢሆን 88 መሆኑን ሳይሆን ንክኪሽን መስማቱን እያየሽ ግዢ።